ባለቤት ያለው ውሻና ባለቤት የሌለው ውሻ

(በካኩማ የስደተኞች መጠለያ ለኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች በተዘጋጀ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በዚህ ሙቀት ሥራችሁን ትታችሁ፣ የውሃ ወረፋችሁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ በቅድሚያ እናመሰግናለን። የዛሬው የመምህራን ንግግር ስለ ውሻና ስለ ድመት ነው ሲባል አንዳንዶቻችሁ እንደሳቃችሁ ሰምተናል። አንድ አባትም በሩ ላይ ቆመው፣ «የሰው ጉዳይ አልቆ ነው ወይ ወደ ውሻ የወረዳችሁት?» ብለውናል። አልተቀየምንም። እኛም ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን ኖሮ እንደዚሁ እንል ነበር። አሁን ግን የማንልበት ምክንያት ስላለን እሱን አስቀድመን እንናገራለን።

በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ አንድ የ9 ዓመት ልጅ አለ። ልጁም አያቱም ታሪኩ እንዲነገር ፈቅደውልናል። አንድ ሰኞ ጠዋት ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ምን ሆንክ ብንለው ቆርቆሮ ቆረጠኝ አለ። አመንነው። ማክሰኞም ረቡዕም እንዲሁ አለፈ። ሐሙስ ዕለት የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ክፍሉን ስለሞላው ጨርቁን ፈትተን ብናይ የቆርቆሮ ቁርጥ አልነበረም፤ አራት የጥርስ ቀዳዳ ነበር። እሑድ ማታ ከላጋው ዳር ኳስ ሲጫወት ውሻ ነክሶት ኖሯል።

ለምን ደበቅኸን ስንለው የመለሰልን መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። በጠዋት ሰልፍ ላይ «ከውሻ ጋር ሲጫወት የተገኘ ይቀጣል» ያልነው እኛው ነን። ልጁ ከውሻው ይልቅ እኛን ፈርቶ ነበር። አያቱ ደግሞ በአገር ቤት እንዳዩት ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ወቅጠው ቁስሉ ላይ አሠሩለት። የሰፈሩ ወጣቶች በበኩላቸው ውሻውን በዚያው ሌሊት በድንጋይ ገድለው አቃጠሉት። ሁሉም ልጁን የረዳ መስሎት ነበር።

ክሊኒክ ስናደርሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሻው የት አለ? በሕይወት አለ ወይ?» የሚል ሆነ። መልስ አልነበረንም። የማን ነበር? አናውቅም። ተከትቦ ነበር? አናውቅም። ከመናከሱ በፊት ጠባዩ ተለውጦ ነበር? እሱንም አናውቅም። ስለዚህ ውሻው ዕብድ ነበር ተብሎ ተቆጥሮ ሙሉው ክትባት ተጀመረለት። አያቱ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ልጁ ውሃ በጠጣ ቁጥር ጉሮሮውን ሲያዩ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ዛሬ ደኅና ነው።

ይህ ከሆነ በኋላ እኛ መምህራን ስለ ጉዳዩ መጠየቅና ማንበብ ጀመርን። ዛሬ የምንነግራችሁ ከዚያ ያገኘነውን ነው።

የዕብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በዓይን በማይታይ ቫይረስ ነው። የሚኖረው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ሲሆን፣ በንክሻ ወይም ለሐጩ የተላጠ ቆዳን፣ ዓይንንና አፍን ሲነካ ወደ ሰው ይገባል። ከገባ በኋላ እንደ ሌላው በሽታ በደም አይሄድም። የነርቭን መንገድ ይዞ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈጃል። በሳምንት ያለቀበትም፣ ዓመት የወሰደበትም አለ። ፊትና ራስ ላይ የተነከሰ ሰው መንገዱ ስለሚያጥር ጊዜውም ያጥርበታል። ልጆች ደግሞ ቁመታቸው ከውሻ አፍ ስለማይርቅ ብዙ ጊዜ የሚነከሱት እዚያው ላይ ነው።

እንግዲህ አያቶቻችን «ቁስሉ ከዳነ በኋላ ተነሣበት» የሚሉት ነገር እውነት ነው። ቁስሉ ይድናል፤ ቫይረሱ ግን መንገድ ላይ ነው። አንጎል ደርሶ ምልክቱ ከታየ፣ ማለትም ሰውየው ውሃ ሲፈራ፣ ንፋስ ሲያስደነግጠው፣ ሲቃዥና ሲወራጭ ከታየ፣ ከዚያ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት በየዓመቱ ወደ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል። አብዛኞቹ በእስያና በአፍሪካ ያሉ ናቸው። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶው በውሻ ነው። በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ውስጥ ደግሞ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ይህን ስናነብ የክፍላችንን ወንበሮች ነበር የምናስበው።

መልካሙ ወሬ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት በሽታውን ማቆም መቻሉ ነው። በ1885 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ሲጀምር፣ የተከተበው ጆሴፍ ማይስተር የሚባል ልጅ እንደ እኛ ተማሪ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ከተነከሰ ሁለት ቀን አልፎት ነበር የደረሰው፤ ዳነም።

ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ታላላቆች «ፓስተር ሄዶ ሆዱን ተወጋ» ሲባል ታስታውሳላችሁ። በየቀኑ በሆድ ላይ የሚሰጠው የዱሮው መርፌ ሕመሙ ብዙ ስለነበር ሰው ከበሽታው ይልቅ መርፌውን ይፈራ ነበር። ዛሬም እዚህ መጠለያ ውስጥ «በሆዴ አልወጋም» ብሎ የቀረ ሰው ገጥሞናል። ወገኖቻችን፣ ያ መርፌ አሁን የለም። ያሁኑ ክትባት የሚሰጠው በክንድ ላይ፣ ለሕፃን ደግሞ በጭን ላይ ነው። የተለመደው በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን መከተብ ነው፤ ከዚህ ያነሰ ቁጥር ያለው አሰጣጥም አለ። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ በቁስሉ ዙሪያ ሌላ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል። ሦስተኛውን ወስዶ «ደኅና ነኝ» ብሎ መቅረት ግን የጀመሩትን ግድብ ሳይጨርሱ ጎርፍ እንደ መጠበቅ ነው። ክትባቱ በቅርብ ባይገኝ የመላኪያ ወረቀት መጠየቅ መብታችሁ ነው። «ነገ ኑ» ቢባል «ዛሬ ነው የተነከሰው» ብላችሁ አስረዱ።

ከክሊኒኩ በፊት ግን እቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ሥራ አለ፤ እሱም ማጠብ ነው። የተነከሰውን ቦታ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ። ሰዓት የሌለው ሰው የሻይ ውሃ ጥዶ እስኪፈላና እስኪወርድ ድረስ ይጠብ። ሳሙናው ራሱ ቫይረሱን ይገድላል። እዚህ ቦታ ውሃ እንዴት እንደሚገኝ ለእናንተ አንነግራችሁም። ቢሆንም ሃያ ሊትሩ ጄሪካን እስከ ታች ቢያልቅ ይለቅ፤ ለዚያ ቀን ወጡ ይቅር። ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ጨው፣ ቤንዚን፣ የጋለ ብረት ቁስሉን ከማባባስ በቀር አይጠቅሙም። ጠበል መጠመቅንም ሆነ ዱዓ ማስደረግን አንቃወምም፤ እኛም እንጸልያለን። የምንለው መጀመሪያ ሳሙናው፣ ቀጥሎ ክሊኒኩ፣ ከዚያ ጸሎቱ እስከ 28ኛው ቀን ድረስ ይቀጥል ነው።

አሁን ወደ ወጣቶቻችን እንምጣ። የተናከሰን ውሻ ወዲያው መግደል ለተነከሰው ሰው ጉዳት ነው። ምክንያቱም ቫይረሱ በውሻው ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ውሻው በግልጽ ሊታመም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጀምሮ ነው። ስለዚህ የተናከሰ ውሻ ወይም ድመት ታሥሮ 10 ቀን በደኅና ከቆየ፣ በናከሰበት ቀን በምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ሐኪሙም ይህን አይቶ የቀረውን ክትባት ሊያቆም ይችላል። እስከዚያው ግን ክትባቱ ይጀመራል እንጂ 10 ቀን አይጠበቅም። ውሻው ታሥሮ ሳለ ከታመመ ወይም ከሞተም ቁርጡ ታወቀ። አቃጥላችሁት ከሆነ ግን ሐኪሙ የሚጠይቀው አመድ ነው። በእርግጥ ለሐጩን እያዝረከረከ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስን ውሻ ሂዱና በእጃችሁ ያዙ አንልም። ልጆችን ወደ ቤት አስገብቶ ለብሎክ መሪውና ለእንስሳት ጤና ሠራተኞች ማስታወቅ ነው።

ሁሉም ዕብድ ውሻ ደግሞ አይሮጥም፣ አይጮህም። አንዳንዱ ዝም ይላል፤ መንጋጋው ይወድቃል፣ ኋላ እግሩ ይዝላል፣ ጥላ ሥር ይተኛል። ሰው «አጥንት ታንቆ ነው» ብሎ እጁን ጉሮሮው ውስጥ ይከታል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ድንገት ጠባዩ የተለወጠን ውሻ፣ ቁጡው የዋህ፣ የዋሁ ቁጡ ሲሆን፣ መጠርጠር ነው። ቡችላም ቢሆን ያው ነው፤ «ገና ቡችላ ነው» ተብሎ የታለፈ ንክሻ ብዙ ሰው ወስዷል።

ኬንያ ውስጥ ይህ በሽታ በውሻ ላይ መጀመሪያ የታወቀው በ1912 በናይሮቢ አካባቢ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ውሻ ሲገደል ኖሯል፤ በሽታው ግን አልጠፋም። የተገደለው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም። ጥራጊው እዚያው ስላለ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ከላጋው መጥቶ ይተካል። በሽታውን የሚያቆመው ከ10 ውሾች 7ቱ ተከትበው ሲገኙ ነው። ያን ጊዜ ቫይረሱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘልበት ያጣል። የኬንያ መንግሥትም በ2014 ባወጣው ዕቅድ በሽታውን እስከ 2030 ለማጥፋት የተነሣው በዚሁ መንገድ ነው። ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው ተከትቦ በየዓመቱ ይደገምለታል። ለመከተብ ግን ውሻውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። የባዕድ ውሻን ማን ይይዛል? ውሻ የሚያምነው የሚያበላውን ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ።

ስለዚህ ነገራችን ሁሉ የሚዞረው ወደ ባለቤት ነው። እዚህ መጠለያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሻ አለ። አንዱ ሌሊት ሲጮህ «የእኔ ነው»፣ ሲናከስ «አላውቀውም» የሚባለው ነው። ሌላው በእውነት ባለቤት ያለው ነው። የመጀመሪያው ዓይነት በዝቶብናል፤ እኛም አንድ ነበረን። በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የሚያድር፣ ዘበኛው ትርፍራፊ የሚጥልለት ቡናማ ውሻ ነበር። የማነው ብትሉን ማናችንም እጃችንን አናነሣም ነበር።

እዚህ ላይ አንዲት እናት ባለፈው ሳምንት የጠየቁንን ጥያቄ ሳንመልስ ማለፍ አንችልም። «ልጆቼ በልተው ሳይጠግቡ ራሽኔን ለውሻ ልስጥ ነው የምትሉኝ?» ብለውናል። አይደለም እማማ። ማንም ከልጁ አፍ ነጥቆ ለውሻ አይሰጥም፤ እኛም አንሰጥም። የምንለው፣ ማብላት የማይችል ሰው ውሻ አይያዝ፣ የያዘ ደግሞ አንድ ብቻ ይያዝ ነው። ሁለት ቤት ተስማምቶ አንድ ውሻ ቢይዝም ይቻላል፤ ሌባ ሲመጣ ለሁለቱም ይጮኻል።

ለውሻ ከምግብም በፊት የሚያስፈልገው ውሃና ጥላ ነው። ውሻ እንደኛ በገላው ሁሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። በካኩማ ፀሐይ፣ በቀትር፣ በሽቦ ታሥሮ ውሃ የሌለው ውሻ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ባይሞትም ይናከሳል። አዲስ ውሃ ከሌለ እግርና ፊት የታጠባችሁበት ሳሙና የሌለው ውሃ ይበቃዋል። ማሠሪያውም ሽቦ አይሁን። ሽቦ አንገት ቆርጦ ሲገባ፣ ቁስሉም ትል ሲያፈራ አይተናል። ከአሮጌ ጆንያ የተገመደ ገመድ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ሆኖ ቢታሰር መልካም ነው። ሌሊት ደግሞ ይፈታ፤ ቀን ከሌት የታሠረ ውሻ ጠባዩ ይበላሻል።

ምግቡን በተመለከተ ገንፎና ያደረ እንጀራ ለውሻ ይሆነዋል። ወጥ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ይህን ስንሰማ እኛም ገርሞናል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ ደም ያፈርሳሉ፤ ድመትን ደግሞ ከውሻ ይበልጥ ይጎዳሉ። ቢበስልም ያው ነው። የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ወጥ ያለበትን ትርፍራፊ አዘውትሮ ማብላት ቀስ በቀስ ያከሳዋል፤ እኛ ግን «ጠባይ የለውም፣ አይወፍርም» እንላለን። ሽንኩርቱ ሳይገባ የተቀቀለውን ውሃና ጅማት ለይታችሁ ስጡ። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሰነጠቅ አንጀት ይወጋል።

እከክ የያዘውን ውሻ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። ዘይቱ በቆዳው ይሰርጋል፤ ውሻውም እየላሰው ወደ ሆዱ ያስገባዋል፤ በዚህም ጉበቱና ኩላሊቱ ይጎዳሉ። በሳሙና አጥቦ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥበት ቦታ ማማከር ይሻላል። መዥገር ከቆዳው አጠገብ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይነቀላል እንጂ በእሳት አይተኮስም። የሰው መድኃኒትም ለእንስሳ አይሰጥም። በተለይ ፓናዶል ድመትን ይገድላል፤ ግማሽ ፍሬ እንኳን ትልቅ መርዝ ነው። ለትኋንና ለቁንጫ የሚረጨው ዱቄትና ፈሳሽም ድመት ላይ አይነስነስ።

አሁን ስለ ሌላ በሽታ እንናገራለን፤ ይህ በተለይ ያለንበትን ምድር የሚመለከት ነው። የኮሶ ትልን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የዚያ ትል ዘመድ የሆነ፣ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ትል በውሻ አንጀት ውስጥ ይኖራል። ውሻውን ብዙም አያሳምመውም። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በጸጉሩ ላይ፣ በአፈሩና በውሃው ላይ ይቀራል። ፍየልና በግ ከሣር ጋር ሲበሉት በጉበታቸውና በሳንባቸው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ይህን ጉበት ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ እንደገና በአንጀቱ ይፈላል። ሰው ደግሞ ውሻ ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ ቢበላ፣ ከረጢቱ በራሱ ጉበት ላይ ያድጋል። ዓመታት ቆይቶ ሆድ እየገፋ ይመጣል፤ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው።

አስተናጋጆቻችን የቱርካና ሰዎች በዚህ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከተጠቁት ወገኖች መካከል ናቸው። አምሬፍ የተባለው የሕክምና ድርጅት በ1983 የመከላከል ሥራ ጀምሮ፣ ሕዝቡን በአልትራሳውንድ ሲመረምርና ሲያክም፣ ውሾቹንም መድኃኒት ሲሰጥ ቆይቷል። ምክንያቱ ከነሱ ስንፍና የመጣ አይደለም። ውሃ በሌለበት ምድር ሰውና ውሻ ተቃቅፎ ሲኖር የሚመጣ ነው። እኛም ዛሬ የምንኖረው በዚያው ምድር፣ በዚያው የውሃ ችግር፣ ከዚያው ገበያ ፍየል እየገዛን ነው።

ሥጋ ቤት ያላችሁና ለበዓል የምታርዱ ወገኖች ይህን በተለይ ልብ በሉልን። ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካያችሁ «ለውሻ ጣሉት» አትበሉ። ይቀበር፤ ውሻ የማይቆፍረው ያህል ይጠለቅ፣ ወይም ይቃጠል። ለውሻ የሚሰጥ ሆድ ዕቃ ሁሉ ደኅና እስኪበስል ይቀቀል። የውሻ የትል መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ የእንስሳት ጤና ሠራተኞችን ጠይቃችሁ በክብደቱ ልክ ይሰጠዋል። ትሉ አድጎ እንቁላል ለመጣል ወደ 6 ሳምንት ስለሚፈጅበት አንድ ጊዜ ሰጥቶ መርሳት አይበቃም። ልጆችም ውሻ ፊታቸውን እንዲልሳቸው፣ ከሚበሉበት ሳህን እንዲበላ አይፍቀዱለት።

ድመትን ባጭሩ እንናገር፤ ድመት ራሷን ስለምትችል ብዙ አታስቸግርም። ስለ ጥቅሟ የዱቄት ጆንያው የተቀደደበት ሰው ሁሉ ምስክር ነው። «ካበላኋት አይጥ አትይዝም» የሚባለው ግን ስሕተት ነው። የጠገበችም ድመት ታድናለች፤ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ያሉት ይህን አይተው ነው። የተራበችዋ ግን ደክማ ትታመማለች፣ ወይም ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። ድመት እንደ ውሻ በገንፎ ብቻ አትኖርም፤ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ ካልሆነም የምትይዘው አይጥ ያስፈልጋታል። በዚህ የተነሣ የአይጥ መርዝና ድመት በአንድ ብሎክ ውስጥ አብረው አይሄዱም። መርዝ የበላች አይጥ ድመቷንም ትገድላለችና። መርዝ ለማድረግ ያሰበ ሰው ለጎረቤቱ አስቀድሞ ይንገር። ድመትም የዕብድ ውሻ በሽታ ይይዛታል፤ ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ከላይ ያልነው ሁሉ ለእሷም ነው።

ነፍሰ ጡር እናቶች የድመት ዓይነ ምድር ባይጠርጉ ይመረጣል፤ ለፅንስ አደገኛ የሆነ ተሐዋሲ ሊኖርበት ይችላል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው በየቀኑ ቢጠርገው ጥሩ ነው፤ ተሐዋሲው ወደ ሰው ለመተላለፍ የሚደርሰው ቢያንስ አንድ ቀን ከቆየ በኋላ ነውና። ይህን ሰምታችሁ ድመቷን ብቻ እንዳታባርሩ። ይኸው በሽታ በጥሬ ሥጋም ይመጣል። ነፍሰ ጡር ሆና ክትፎ ያማራት ካለች ደኅና አድርጋ ታብስለው።

ከመጨረሳችን በፊት ስለ ጎረቤቶቻችን እናንሣ። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ከኛ ወገንም ሆኑ ከሶማሌና ከሱዳን የመጡት፣ የውሻ ለሐጭ ልብሳቸውን ከነካ ብዙዎቹ ለሶላት ልብሱን ማጠብ አለባቸው። ውሃ በጄሪካን በሚለካበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእኛም ወገን ቢሆን ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲገባ ዝም የሚል የለም። ውሻችን የሰው አጥር የሚያልፍ ከሆነ ጥፋቱ የኛ ነው። ባለፈው ጊዜ በሁለት ብሎኮች መካከል የተነሣው ጠብ በአንድ ውሻ ነበር የጀመረው። ባለቤቱ ቶሎ ወጥቶ ይቅርታ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ባላስፈለገ ነበር።

ቡችላዎችን በተመለከተ፣ ሴት ውሻ የምታረግዘው ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ልትወልድ ትችላለች። ከዚያ ቡችላዎቹ በካርቶን ተደርገው ላጋ ይጣላሉ። የሞቱት ሞተው የተረፉት ናቸው እንግዲህ ባለቤት የሌላቸው የምንላቸው። እኛው ጥለናቸው እኛው በድንጋይ እናሳድዳቸዋለን። ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ስለሆነ ያን ጊዜ በር ዘግቶ መጠበቅ ይቻላል። ማኮላሸት የሚችለው የሠለጠነ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ በምላጭና በክር እቤት የሚሠራው ጭካኔ ነው። ቡችላ ለሰው የምትሰጡ ከሆነ ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት።

በበኩላችን ያደረግነውን እንንገራችሁ። የቅጣቱን ትእዛዝ በሰልፍ ላይ ሽረናል። አሁን ለተማሪዎቻችን የምንላቸው «የተነከሰ ልጅ ቶሎ ይንገረን፤ ማንም አይቆጣውም» ነው። በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አንድ ሳሙና በክር ተንጠልጥሏል፤ አጠገቡም የማይነካ የውሃ ጄሪካን አለ። በአጥር ሥር የሚያድረውን ቡናማ ውሻ ደግሞ እኛ መምህራን ወስደነዋል። ወጪው በየወሩ በተራ ይከፈላል፤ ስሙንም ከብዙ ክርክር በኋላ «ደወል» አልነው።

እንዲሁም አንድ ደብተር ከፍተናል። የውሻው ቀለም፣ ብሎኩና የባለቤቱ ስም ይጻፍበታል። ዓላማው ቀላል ነው። የክትባት ቀን ሲነገር ማን ማንን ገመድ አስሮ እንደሚያመጣ ይታወቃል፤ ልጅ ቢነከስም ክሊኒኩ ለሚጠይቀው ጥያቄ መልስ ይኖረናል። አንዳንዶች «ስም ካስጻፍኩ ነገ ሲናከስ እጠየቃለሁ» ብለው እንደፈሩ ሰምተናል። አዎ፣ ትጠየቃላችሁ። እኛም «ደወል» ከነከሰ እንጠየቃለን።

ደብተሩ እስካሁን ሁለት ገጽ ሞልቷል። ከትምህርት በኋላ እስከ 11 ሰዓት ድረስ በጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ ይገኛል። ጸሐፊው ያ እጁ የዳነለት ተማሪያችን ነው። የውሻችሁን ስም ሲጠይቃችሁ «ስም የለውም» ብላችሁ እንዳትመልሱለት፤ ስም ካልሰጣችሁት አይመዘግብላችሁም።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።